ሁለቱ ቬንቲሌተሮች ያልነገሩን፦ ስለ ቶርክ ኮንቨርተር የተለመደው ማብራሪያ የት ላይ ይጎድላል?

ሁለት ቬንቲሌተር ፊት ለፊት አስቀምጡ። አንዱን ብቻ ሶኬት ላይ ሰክታችሁ አብሩት። ትንሽ ቆይቶ ያልተሰካውም መዞር ይጀምራል፤ ማንም ሳይነካው፣ ነፋሱ ብቻ እየገፋው። «አያችሁ? አውቶማቲክ ካምቢዮ ባለው መኪና ውስጥ የሚሆነውም ይኸው ነው። በነፋስ ፋንታ ዘይት፣ በቬንቲሌተር ፋንታ ቶርክ ኮንቨርተር» ይባልና ማብራሪያው በዚሁ ያልቃል።

የመኪና ነገር የሚወድ ሆኖ ይህን ያልሰማ ወጣት ያለ አይመስለኝም። በቪዲዮ ታገኙታላችሁ፣ በመጽሐፍ ታገኙታላችሁ። እኔም ራሴ ክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ ተጠቅሜበታለሁ። ዛሬ ግን ልተቸው ነው። ስህተት ሆኖ አይደለም፤ ግማሽ መንገድ ወስዶ የሚያወርዳችሁ ስለሆነ ነው። የሚያወርዳችሁ ደግሞ ዋናው ጥያቄ ሊጀመር ሲል ነው፦ ለየትኛው ሞተር የትኛው ቶርክ ኮንቨርተር ይስማማል?

ጥያቄው የመካኒክ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አንዱ መኪና ሲነሳ ለምን ይንቀራፈፋል? ሌላው ለምን ሞተሩ እየጮኸ መኪናው አይሄድም? ደህና የነበረ ሞተር ለምን «ሞቷል» ይባላል? መልሱ እዚህ ውስጥ አለ። ለዚህ ስህተት ገንዘብ የከፈሉ ሰዎችም አሉ፤ የአንዱን ታሪክ መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ምስጋናው

የቬንቲሌተሩ ምሳሌ አንድ ትልቅ ነገር በትክክል ያሳያል። ሞተሩና ካምቢዮው በብረት አልተያያዙም፤ በመካከላቸው ያለው ፈሳሽ ነው። ያልተሰካውን ቬንቲሌተር በእንጨት ይዛችሁ ብታቆሙት የተሰካው መዞሩን አያቆምም። መኪናም ቀይ መብራት ላይ ሲቆም ጎማው ቆሞ ሞተሩ ሚኒሞ ላይ የሚቀጥለው በዚሁ ምክንያት ነው። በማንዋል ካምቢዮ ግን ፍሪሲዮን ካልረገጣችሁ ሞተሩ ይጠፋል።

ምሳሌው እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነው። ችግሩ ከዚህ በኋላ ነው።

ጉድለት አንድ፦ ሦስተኛው አካል የለም

ቶርክ ማለት የማዞር ጉልበት ነው፤ ብሎን በቁልፍ ስትፈቱ እጃችሁ የሚያደርገው ማለት ነው። የሚለካውም በኒውተን ሜትር ነው። አንድ ሞተር 200 ኒውተን ሜትር ሰጠ እንበል። መኪናው ከቆመበት ሲነሳ ከቶርክ ኮንቨርተሩ ወዲያ ማዶ የሚወጣው እስከ 400 ኒውተን ሜትር ሊደርስ ይችላል። በቤት መኪኖች ላይ ሁለት እጥፍ አካባቢ መሆኑ የተለመደ ነው።

እስቲ አስቡት፤ ተጨማሪው 200 ከየት መጣ?

ቬንቲሌተሮቹ ይህን ሊመልሱ አይችሉም። የኒውተን ሦስተኛ ሕግ አይፈቅድላቸውም። ፈሳሹ ተዘግቶ የሚዞረው በሁለት አካላት መካከል ብቻ ከሆነ፣ አንደኛው በፈሳሹ ላይ ያሳረፈው ቶርክና ሁለተኛው የተቀበለው እኩል መሆን አለባቸው። 200 ከገባ 200 ይወጣል፤ ከዚያ በላይ የለም። እንዲህ ያለ ዕቃ በእርግጥ አለ፤ ፈሳሽ ማጋጠሚያ ነው። ቶርክ ኮንቨርተር ግን አይደለም።

ቶርክ ኮንቨርተር ውስጥ ሦስት ባለ ክንፍ አካላት አሉ። ፓምፑ ከሞተሩ ጋር ይዞራል፤ ዘይቱን ወደ ውጭ ጠርዝ ይወረውራል። ተርባይኑ ያንን ዘይት ተቀብሎ ካምቢዮውን ያዞራል። በሁለቱ መካከል፣ መሃል ላይ፣ ትንሿ ስታተር አለች። ከተርባይኑ የሚመለሰው ዘይት የፓምፑን መዞር በሚቃወም አቅጣጫ ይመጣል። እንዳለ ቢገባ ፓምፑን ፍሬን ይይዝበት ነበር። ስታተሯ አቅጣጫውን አስቀይራ ፓምፑን እንዲያግዝ አድርጋ ትመልሰዋለች።

ይህን ለማድረግ ስታተሯ ራሷ መቆም አለባት። ዘይቱ ወደ ኋላ ሊያዞራት ይሞክራል፤ እሷ ግን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ በሚያዞር መያዣ ከካምቢዮው አካል ጋር ታስራለች። ተጨማሪው 200 ኒውተን ሜትር የመጣው እዚህ ነው፤ ስታተሯ በካምቢዮው ቤት ላይ ተደግፋ ያሳረፈችው ነው። 200 ከሞተር፣ 200 ከስታተር፣ ድምሩ 400። ሒሳቡ ገጠመ።

ነፃ ኃይል ግን አላገኘንም። ቶርኩ ሲጨምር ተርባይኑ የሚዞረው በቀስታ ነው፤ መኪናው ፈጥኖ ተርባይኑ ፓምፑን ሊደርስበት ሲቃረብ ስታተሯ ተለቅቃ አብራ መዞር ትጀምራለች፣ ማባዛቱም ያበቃል።

ጉድለት ሁለት፦ መጠን የለም

ይህ ይበልጥ ያስቆጨኛል። ቬንቲሌተሮቹን አይታችሁ «ትልቅ ቬንቲሌተር ባደርግስ? ፈጠን ባደርገውስ?» ብላችሁ ብትጠይቁ ማብራሪያው ዝም ይላል። እውነተኛው ዕቃ ግን ጥርት ያለ ሕግ አለው። ከስምንተኛ ክፍል ሒሳብ ያለፈ ነገር አይፈልግም።

ፓምፑ ከሞተሩ የሚወስደው ቶርክ ከዙሩ ዳግም ርቢ ጋር ያድጋል። ዙሩ እጥፍ ሲሆን ቶርኩ አራት እጥፍ ይሆናል። ከዲያሜትሩ ጋር ደግሞ በአምስተኛ ርቢ ያድጋል፤ ማለትም ዲያሜትሩ ራሱን በራሱ አምስት ጊዜ ተባዝቶ።

አንድ ምሳሌ ቶርክ ኮንቨርተር እንውሰድ። ዲያሜትሩ 27 ሳንቲሜትር ነው፤ ተርባይኑ ቆሞ ሳለ ፓምፑ በደቂቃ 2000 ዙር ሲዞር 200 ኒውተን ሜትር ይወስዳል። ወረቀት አውጡና ግራፍ ሥሩ። በአግድሙ ዙር፣ በቁሙ ቶርክ። በ1000 ዙር 50፣ በ1500 ዙር 112፣ በ2000 ዙር 200፣ በ2500 ዙር 312። ነጥቦቹን አያይዙ። መጀመሪያ ለጥ ብሎ የሚሄድ፣ በኋላ ቀጥ ብሎ የሚወጣ ኩርባ ታገኛላችሁ።

አሁን ይኸው ዕቃ፣ የክንፎቹ ቅርጽ ሳይለወጥ፣ 3 ሳንቲሜትር ብቻ ይቀንስ። 24 ለ27 ሲካፈል 0.889 ነው፤ አምስተኛ ርቢው 0.555 ነው። በ2000 ዙር 200 ይወስድ የነበረው አሁን የሚወስደው 111 ብቻ ነው። ሦስት ሳንቲሜትር፣ ግማሽ ሊሆን ምንም አልቀረው! ከእናንተ አውራ ጣት ርዝመት ያነሰ ልዩነት ነው። ቬንቲሌተሩን አይቶ ይህን የሚገምት ማን አለ?

«ስቶሉ ስንት ነው?»

መኪና የሚያሻሽሉ ሰዎች ስለ ቶርክ ኮንቨርተር ሲያወሩ «የዚህ ስቶል 2000 ነው፣ የዚያኛው 2800 ነው» ይላሉ። ስቶል ማለት ጎማው በፍሬን ተይዞ ነዳጅ እስከ ጥግ ሲረገጥ ሞተሩ ሊደርስበት የሚችለው ዙር ነው። ቁጥሩ የዕቃው ባሕርይ ይመስላል፤ እንደ ክብደቱ ወይም እንደ ዲያሜትሩ።

አይደለም። ግራፋችሁን ተመልከቱ። የሞተሩን የቶርክ ኩርባ እዚያው ላይ ብትጨምሩ ሁለቱ መስመሮች አንድ ቦታ ይቋረጣሉ። ከዚያ ነጥብ በታች ሞተሩ ከሚወሰድበት በላይ ይሰጣል፣ ስለዚህ ይፈጥናል። ከዚያ በላይ የሚወሰድበት ከሚሰጠው ይበልጣል፣ ስለዚህ ይዘገያል። የሚረጋው መገናኛው ላይ ነው። ስቶል ማለት ያ ነጥብ ነው፤ የሁለቱ ነው እንጂ የአንዱ አይደለም።

200 ኒውተን ሜትር የሚሰጥ ሞተር ከምሳሌያችን ጋር 2000 ላይ ይቆማል። 400 የሚሰጥ ሞተር ያንኑ ዕቃ ይዞ 2800 ገደማ ይደርሳል። ዕቃው አልተለወጠም። ገበሬ እኮ አንዱን በሬ ብቻ አይቶ ጥማዱ እንዴት እንደሚያርስ አይናገርም። ካታሎግ ላይ አንድ ቁጥር ብቻ ተጽፎ ስታገኙ ጠይቁ፦ ከየትኛው ሞተር ጋር?

የፈረስ ጉልበት ለምን ያሳስታል?

ሌላው የተለመደ ምክር «ለዚህ ያህል የፈረስ ጉልበት ይህኛው ይሆናል» የሚለው ነው። የፈረስ ጉልበት የቶርክና የዙር ብዜት ነው። ያው ብዜት በብዙ መንገድ ይገኛል፤ 12 ማለት 3 በ4 ነው፣ 2 በ6ም ነው።

ሁለት ሞተሮች እንውሰድ፤ ሁለቱም 136 የፈረስ ጉልበት፣ ማለትም 100 ኪሎዋት ናቸው። አንደኛው የቤንዚን ሞተር ነው፤ ይህን ኃይል የሚሰጠው በ6000 ዙር ነው፣ በዝቅተኛ ዙር ቶርኩ 150 ኒውተን ሜትር ነው። ሁለተኛው ቱርቦ ያለው የናፍጣ ሞተር ነው፤ 100 ኪሎዋቱን የሚሰጠው በ3500 ዙር ነው፣ በ2000 አካባቢ ግን ቶርኩ 320 ይደርሳል። «የፈረስ ጉልበታቸው አንድ ነው» ብለን ሁለቱንም ያንኑ 27 ሳንቲሜትር ዕቃ እንስጣቸው።

ቤንዚኑ 1730 ዙር ላይ ይታነቃል። ሞተሩ መነቃቃት ሳይጀምር ዘይቱ ይይዘዋል፤ ሾፌሩ ነዳጅ ረግጦ መኪናው «እሺ፣ መጣሁ» እያለ ይንቀራፈፋል። ናፍጣው ግን 2530 ይደርሳል። የሚሠራበት ዙር 3500 ላይ የሚያበቃ ሞተር፣ መኪናው ገና ሳይነቃነቅ ከመንገዱ ከሁለት ሦስተኛ በላይ ጨርሷል። ይጮኻል፣ ይንሸራተታል፣ ያግላል።

ያግላል ስል ቀላል ነገር አይደለም። ስቶል ላይ ጎማው ስለማይዞር ሞተሩ የሰጠው ኃይል በሙሉ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ለናፍጣው ይህ 85 ኪሎዋት ገደማ ነው። የእንጀራ ኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይበላል ብትሉ፣ ጥቂት ሊትር ዘይት ውስጥ 24 ምጣድ እንደ መጣድ ነው። የቤንዚኑ 27 ኪሎዋት፣ ማለትም 8 ምጣድ ያህል ነው። አንድ የፈረስ ጉልበት፣ አንድ ዕቃ፣ ሦስት እጥፍ የሙቀት ልዩነት!

መፍትሔውም ከግራፉ ይወጣል። ለቤንዚኑ ወደ 24 ሳንቲሜትር ብንወርድ ስቶሉ ወደ 2300 ከፍ ይላል፤ ይተነፍሳል። ለናፍጣው ወደ 31 ሳንቲሜትር ብንወጣ ስቶሉ 1800 አካባቢ ይሆናል፤ ይረጋጋል። መሐንዲሶች ከዲያሜትር ሌላ የክንፎቹን ማዕዘንም ይለውጣሉ፤ ሐሳቡ ግን አንድ ነው።

ፍትሐዊ ልሁን፤ የፈረስ ጉልበት ጥቅም የለውም ማለቴ አይደለም። የዘይት ማቀዝቀዣው ስንት ሙቀት መሸከም እንዳለበት ለማወቅ የሚረዳው ኃይሉ ነው። ዕቃውን ለመምረጥ ግን በየዙሩ ያለው ቶርክ ያስፈልጋል።

ነገሩ ሲጀመርም ስለ መስማማት ነበር

ታሪኩን ያየ ሰው በዚህ አይገረምም። ጀርመናዊው መሐንዲስ ሄርማን ፎቲንገር በ1905 ፈጠራውን ሲያስመዘግብ ስለ መኪና አላሰበም። የሚሠራው በሽቴቲን፣ በዛሬዋ የፖላንድ ሽቼቺን፣ የመርከብ መሥሪያ ቤት ውስጥ ነበር። የእንፋሎት ተርባይን በጣም ፈጥኖ ካልዞረ አይሠራም፤ የመርከብ መቅዘፊያ ደግሞ በጣም ከፈጠነ ውኃውን ከመግፋት ይልቅ ያንጨበጭበዋል። ሁለቱ አልተስማሙም። ቶርክ ኮንቨርተር የተወለደው ለማስታረቅ ነው።

በ1948 የአሜሪካው ቡይክ ዳይናፍሎው የተባለውን ካምቢዮ አወጣ። በመደበኛ ጉዞ ማርሽ አይቀይርም፤ ሁሉንም የተወው ለቶርክ ኮንቨርተሩ ነበር። እንደ ቅቤ ለስላሳ ነው፤ ግን ሲነሳ ዘገምተኛ ነው ተብሎ ተቀለደበት። አንድ ዕቃ ሁለት ፍላጎት ማሟላት አቃተው፦ ለመነሳት ላላ ያለ፣ ለረጅም ጉዞ ጠበቅ ያለ። በ1955 ቡይክ የስታተሯን ክንፎች ማዕዘን የሚቀይር ሠራ፤ ሾፌሩ ነዳጁን እስከ ጥግ ሲረግጥ ማዕዘኑ ተለውጦ ዕቃው ይላላል። አንዱን ቶርክ ኮንቨርተር ሁለት አደረጉት ማለት ነው። ዛሬ ደግሞ መኪናው ሲፈጥን ፓምፑንና ተርባይኑን በፍሪሲዮን ቆልፎ መንሸራተቱን የሚያስቀር ተጨምሮበታል።

ቁልፉ ግን የቀይ መብራቱን ጉዳይ አልፈታም። ሞተሩ ሚኒሞ ላይ በ700 ዙር ሲሆን የምሳሌያችን ዕቃ 24 ኒውተን ሜትር ገደማ ይወስዳል። ፍሬን ስትለቁ መኪናው በራሱ የሚንፏቀቀው በዚህ ነው። ዕቃውን ይበልጥ ጠበቅ ካደረጋችሁት ቆሞም የሚበላው ነዳጅ ይጨምራል። ስለዚህ «ለሁሉም የሚሆን ምርጥ» ብሎ ነገር የለም፤ ለምን ሥራ እንደሆነ መጠየቅ አለበት።

አየር ይሳሳል፣ ዘይት አይሳሳም

አሁን ቃል የገባሁላችሁ ታሪክ። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ጎረቤቴ መኪናው ሲነሳ ደከመበትና ጋራዥ ወሰደው። የስቶል ፈተና ተሠራ። መጽሐፉ 2000 ይላል፤ የተገኘው 1750 ነው። «ሞተሩ ሞቷል፣ መከፈት አለበት» ተባለ። የተጠየቀው ገንዘብ ለአንድ ደመወዝተኛ ቤተሰብ የወራት ኑሮ ነው።

ግራፉን የሠራችሁ እናንተ እስቲ ፍረዱ። ዙሩ ከ2000 ወደ 1750 ከወረደ፣ ጥምርታው 0.875 ነው፤ ዳግም ርቢው 0.77 ገደማ ነው። ሞተሩ ከሚጠበቅበት ቶርክ 77 በመቶውን እየሰጠ ነው ማለት ነው። ሩብ ያህል የት ገባ?

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ አንድ ሊትር አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚያቃጥለው ባገኘው አየር ልክ ስለሆነ ቶርኩም በዚያው ልክ ይወርዳል። ቶርክ ኮንቨርተሩ ውስጥ ያለው ዘይት ግን ከፍታን አያውቅም፤ ጅቡቲም ሆነ እንጦጦ ክብደቱ ያው ነው። ሞተሩ ደከመ፣ የሚጎትተው ዘይት አልቀለለም፤ ስለዚህ ስቶሉ ወረደ። የጠፋው ሩብ አየሩ ላይ ነበር።

ይህ ማለት ሞተሩ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም። ዝቅ ያለ ስቶል የስታተሯ መያዣ መበላሸቱንም ሊያመለክት ይችላል። ማለት የሚቻለው ይህ ቁጥር ብቻውን ሞተር አያስከፍትም ነው። ጎረቤቴ በምክሬ መጀመሪያ ኮምፕሬሽን አስለካ፤ ደህና ሆኖ ተገኘ። ድካሙ የመጣው ከተዘጋ አየር ማጣሪያና ከአሮጌ ካንዴላ ነበር።

መካኒኩን አልወቅስም። የተማረው በሁለቱ ቬንቲሌተሮች ከሆነ፣ ከፍታ፣ ቶርክና ዙር እንዴት እንደሚያያዙ ከየት ያምጣው? (ፈተናውን ግን ራሳችሁ እንዳትሞክሩት! ዘይቱ በየሴኮንዱ በ3 ዲግሪ ገደማ ሊግል ይችላል፤ ባለሙያዎችም ከ5 ሴኮንድ በላይ አያቆዩትም። ፍሬኑ ከለቀቀ ደግሞ መኪናው ይፈነጠራል።)

ታዲያ እንዴት ይነገር?

ቬንቲሌተሮቹን አንጣላቸው። ለመጀመሪያው ሁለት ደቂቃ ይሁኑ። በሦስተኛው ደቂቃ ግን አስተማሪው «አሁን ሦስተኛ አካል እንጨምር» ይበልና ስታተሯን ያምጣት። ከዚያ ወረቀት ይውጣ፣ ሁለት ኩርባ ይሳል፣ የሚቋረጡበት ነጥብ ይፈለግ። ከዚህ በላይ አስር ደቂቃ አይፈጅም።

ልዩነቱን እናንተው አሁን አይታችሁታል። የመጀመሪያው ማብራሪያ ራሳችሁን አስነቀነቃችሁ፤ ሁለተኛው ደግሞ የጎረቤቴን መኪና አስመረመራችሁ። ቀጥሎ ስለማንኛውም ማሽን ጥሩ ምሳሌ ስትሰሙ ይህን አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ «መጠኑን ብለውጠው ምን ይሆናል?» መልስ ከሌለው ማብራሪያው ገና አላለቀም። ግራፋችሁንም አትጣሉት። የአንድ የምታውቁትን መኪና የቶርክ ኩርባ ፈልጉና ላዩ ላይ ሳሉት፤ ከዚያ 0.75 አባዝታችሁ አዲስ አበባ አምጡት። መገናኛው ነጥብ ስንት ዙር ወረደ?